ፋይናይት ኤለመንት የተማረ ሰው ጎጃም ውስጥ እንጀራ ያገኝበታል ወይ?

የውይይት ክሩን በዚህ ጥያቄ የከፈተው ባሕር ዳር ሜካኒካል ምህንድስና ሊጨርስ የተቃረበ ተማሪ ነው። ፋይናይት ኤለመንትን (ዕቃን በኮምፒውተር ወደ ትንንሽ ክፍሎች፣ ማለትም ኤለመንቶች፣ ከፍሎ ጥንካሬውንና እንቅስቃሴውን የማስላት ዘዴ) በአንድ ሴሚስተር ኮርስ ተምሯል፣ የዚሁ ሶፍትዌር የሆነውን አንሲስንም ይነካካል። ሙያውን ጠበቅ አድርጎ ቢይዘው እዚሁ ጎጃም ሥራ ያገኝበት እንደሆነ ወይስ አዲስ አበባ መግባት ግድ ይለው እንደሆነ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ አስተያየት ጣል አደረገ፦ ቀጣሪ የሚፈልገው ሶፍትዌር የሚችል ሰው ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው የሚል። ክሩን ያስረዘመችው ይህች አስተያየት ናት። ምላሾቹን በየቁጥራቸው አቀርባለሁ፤ የተደጋገመውን አሳጥራለሁ፣ ቁም ነገር ያለበት ላይ እቆያለሁ።

ምላሽ 1። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ጠያቂው ሥራውን በስሙ ከፈለገው እንደማያገኘው ነገረው። በፋይናይት ኤለመንት ስም የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ እምብዛም አይታይም። ሥራው ያለው በስትራክቸራል ዲዛይነር ስም በየአማካሪ ድርጅቱ ነው። የሕንፃ ማስሊያ ሶፍትዌሮቹ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000 እና ሴፍ ሆዳቸው ፋይናይት ኤለመንት ነው፤ ሶሌታውን በሼል (ስስ ገጽ)፣ ኮለኑንና ቢሙን በፍሬም (ዘንግ) ኤለመንት ይፈቱታል። ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በኢታብስ የሠራ ሰው ሙያውን ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው።

ምላሽ 2። በ1 ተስማምቶ፣ ሳያውቁት የሚለው ላይ ግን ቆመ። አደጋው እዚያ ነው አለ። ሶሌታው ያለ ቢም በቀጥታ ኮለን ላይ ሲያርፍ፣ ሶፍትዌሩ ኮለኑን እንደ አንዲት ነጥብ ከወሰደው ነጥቧ ላይ የሚታየው ሞመንት (የማጠፍ ኃይል) ሜሹ (የኤለመንቶቹ መረብ) በጠበበ ቁጥር ያድጋል። ጀማሪ ዲዛይነር ያን ጫፍ ቁጥር ይዞ ፌሮ ይደረድራል፤ ጓደኛው ሰፋ ባለ ሜሽ ሠርቶ በግማሹ ፌሮ ይጨርሳል፤ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ነው ያለው ይላሉ። ትክክለኛው መንገድ ሞመንቱን ከኮለኑ ፊት ላይ ማንበብና በኮለን መስመሩ ስፋት ላይ አማካዩን መውሰድ ነው። ሌላም ጨመረ፦ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲሰላ አርማታው እንዳልተሰነጠቀ አድርጎ መተው አይገባም። የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ደንብ የሆነው ኢ ኤስ ኢ ኤን 1998፣ የተሻለ ስሌት ከሌለ፣ ግትርነቱን ያልተሰነጠቀው ግማሽ አድርጎ መውሰድን ይፈቅዳል። ይህን የረሳ ሰው የሕንፃውን የመወዛወዣ ጊዜ አሳጥሮ፣ የወለሎቹን መፈናቀልም አሳንሶ ያገኛል።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ለሜካኒካል ተማሪ ስለ ሶሌታ ምን ይወራለታል ብሎ ጀመረ። በጎጃም የሚሠራው ማሽን የጤፍና የበቆሎ መውቂያ፣ የወፍጮ ቤት ዕቃ፣ የጋሪና የተሳቢ አካል ነው፤ ይህንንም ባለሙያው አንጎላሬና ላሜራ ቆርጦ፣ በዓይኑ ለክቶ፣ በይዶ ያወጣዋል፣ ገበሬውም ይገዛዋል። ስትሬስ (ብረቱ ውስጥ ያለውን ጫና) የሚያሰላ ሰው ማንም አልጠራም፣ ወደፊትም አይጠራም። ተማሪው ብየዳና ቶርኖ ቢለምድ ይሻለዋል ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 4። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለ3 የመለሰው በቁጣ ሳይሆን በቁጥር ነው። ብየዳና ቶርኖ መልመዱ መልካም እንደሆነ ተቀበለና፣ ያው በዓይን የተለካው የመውቂያ ሻፍት ለምን እንደሚሰበር አሳየ።

በደቂቃ 600 ዙር የሚዞር ከበሮ አስቡ አለ። ፑሌጃው ከኩሽኔታው 100 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ተቀምጧል፤ ቺንጊያው በ1200 ኒውተን ይስበዋል። ኩሽኔታው ጋ ያለው ሞመንት 120 ሺህ ኒውተን ሚሊ ሜትር ነው። ሻፍቱ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመታጠፍ ስትሬሱ 45 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ብረቱ ከ250 በላይ ይችላል ብሎ ይተኛል። ነገር ግን ሻፍቱ እየዞረ ነው፤ ቺንጊያው የሚስብበት አቅጣጫ አይለወጥም፣ ስለዚህ አንዱ የሻፍቱ ገጽ በግማሽ ዙር ይሳባል፣ በግማሽ ዙር ይጨመቃል። ልዩነቱ እጥፍ፣ ማለትም 90 ገደማ ይሆናል። እዚያው ኩሽኔታው አጠገብ ቀለበት ወይም ዲስክ በብየዳ ከተያዘ፣ የሚገዛው የብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን የብየዳው ጠርዝ ነው። በአውሮፓ የብረት ዲዛይን ደንብ በኢ ኤን 1993 ክፍል 1-9 የፋቲግ (በጭነት መደጋገም የሚመጣ ድካም) ምድቡን 80 ብንወስድ፣ ትርጉሙ 80 ሜጋ ፓስካል ልዩነትን 2 ሚሊዮን ጊዜ ይችላል ማለት ነው። በ90.5 ሲሆን ወደ 1.38 ሚሊዮን ዙር ይወርዳል። 600 ዙር በደቂቃ በሰዓት 36 ሺህ ነው፤ ሲካፈል 38 ሰዓት ገደማ።

ይህ የዲዛይን መስመር ስለሆነ አብዛኞቹ ሻፍቶች ከዚያ በላይ እንደሚቆዩ ጸሐፊው አልሸሸገም። ቢሆንም በአንድ የመውቂያ ወቅት ውስጥ መሰንጠቅ የሚጀምር ሻፍት መሸጥ ደግ አይደለም። ሻፍቱ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስትሬሱ 19፣ ልዩነቱ 38 ይሆናል። ለዚያው ምድብ በአንድ መጠን ለሚደጋገም ጭነት ገደቡ 59 ስለሆነ 38 ከሥሩ ያርፋል። የሚጨመረው 10 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ወይም ያው 30 ይቆይና ፑሌጃው ወደ ኩሽኔታው ይቅረብ፣ ቀለበቱም በብየዳ ፋንታ በቡሎን ይታሰር።

ምላሽ 5። በአጭሩ፣ 4 የሠራው ሁሉ በወረቀት የሚወጣ ስሌት ስለሆነ ፋይናይት ኤለመንት እንደማያስፈልግ ራሱ መሰከረ የሚል ነው። ትችቱ ተገቢ ነው፤ መልስም የሚገባው ነበር።

ምላሽ 6። መልሱን ይዞ መጣ። ሻፍት በእጅ ይሰላል፤ ሻፍቱን የተሸከመው ፍሬም ግን በእጅ አይሰላም። 600 ዙር በደቂቃ በሰከንድ 10 ዙር ነው። የፍሬሙ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲ (ሲነካ በራሱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር) 10 ሄርዝ አጠገብ ከወደቀ፣ ትንሽ ሚዛን የሳተ ከበሮ ማሽኑን በሙሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቡሎን ይፈታል፣ የላሜራ ጎን ይሰነጠቃል። ቢያንስ 20 በመቶ ራቅ እንዲል ማድረግ የተለመደ ነው። ለዚህ የሞዳል ትንተና፣ ማለትም እነዚህን ፍሪኩዌንሲዎች የሚያወጣ ስሌት፣ ያስፈልጋል፦ አንጎላሬውን በቢም፣ ላሜራውን በሼል ኤለመንት መሥራት፣ ሞተሩንና ከበሮውን በክብደታቸው ማስገባት፣ ከዚያ እግሮቹ የት እንደቆሙ መወሰን። እግሮቹን ወለል ላይ እንደተቸነከሩ አድርጎ የሚሠራ ተማሪ የተሳሳተ ፍሪኩዌንሲ ያገኛል፤ መውቂያው አውድማ ላይ በጎማ ቆሞ፣ ጎማውም አፈር ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሁለቱም ተሠርቶ መካከሉ ይታይ። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የብረትን ጥግግት በሚሊ ሜትር ሲሠሩ 7.85 × 10⁻⁶ ብላችሁ አስገቡ ብሎ ጨመረ።

ምላሽ 7። ጸሐፊዋ 6ን አመስግና ይህችን ቁጥር አረመች። 7.85 × 10⁻⁶ በኪሎ ግራም ነው። ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ኃይል በኒውተን፣ ስትሬስ በሜጋ ፓስካል ሲሆን ግዝፈት በቶን መግባት አለበት፦ 7.85 × 10⁻⁹። ስህተቱ ግዝፈቱን ሺህ እጥፍ ስለሚያደርገው ፍሪኩዌንሲው በሺህ ካሬ ሥር፣ ማለትም ከ31 እጥፍ በላይ ያንሳል። ሶፍትዌሩ ቀይ መብራት አያበራም፤ 40 ሄርዝ የሆነውን ፍሬም 1.3 ሄርዝ ብሎ ያሳይሃል። መከላከያው ቀላል ነው አለች፦ ስበትን በ9810 አስገብቶ የድጋፎቹን ምላሽ ኃይል መደመርና ማሽኑ ሚዛን ላይ ከሚመዝነው ጋር ማነጻጸር። ከዚያም ድጋፎቹን ሁሉ አንስቶ ሞዳሉን መፍታት፤ ስድስት ወደ ዜሮ የቀረቡ ፍሪኩዌንሲዎች ካልወጡ ሞዴሉ አንድ ቦታ ያልታየ ማሰሪያ አለበት፣ ከስድስት ከበለጡ ደግሞ ያልተያያዘ ክፍል አለ። 6 ተመልሶ እርማቱን በምስጋና ተቀበለ፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ የተደማመጡበት መንገድ ያስደስታል።

ምላሽ 8። ወደ ሶፍትዌር ዞረ። የአንሲስ የተማሪ ሥሪት ነፃ ቢሆንም ለስትራክቸር 128 ሺህ ኖድ (የኤለመንቶች መገናኛ ነጥብ) ላይ ይቆማል፤ የሌላው ሶፍትዌር፣ የአባቁስ፣ የመማሪያ ሥሪት 1000 ኖድ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለገንዘብ ሥራ መጠቀም አይፈቀድም። ሥራ ለመቀበል ለሚያስብ ሰው ነፃዎቹ፣ ካልኩሊክስ ከፕሪፖማክስ ጋር፣ ወይም ፍሪካድ ውስጥ ያለው የፋይናይት ኤለመንት ክፍል ያገለግላል። ከዚያ ከፍ ያለ ለሚሻ የፈረንሳይ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሠራው ኮድ አስተር አለ። የካልኩሊክስ የግቤት ፋይል አጻጻፍ ከአባቁስ ጋር ስለሚቀራረብ የተለማመደው ሰው ኋላ አይቸገርም።

ምላሽ 9። ለዚህ ሁሉ ምን እንደሚደክሙ አልገባኝም፣ ፈቃዱ የተሰበረውን ሥሪት በነፃ አውርዶ መሥራት ነው የሚል ሁለት መስመር።

ምላሽ 10። ለ9 በቁጣ መለሰ፣ ቁጣውም አግባብ ያለው ነው። የአማካሪ ድርጅት ሪፖርት ላይ የሶፍትዌሩ ስምና ሥሪት ይጻፋል፤ ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር ስም በፊርማ ሥር የሚያስቀምጥ መሐንዲስ ራሱን ለተጠያቂነት አሳልፎ ይሰጣል። በርቀት ከውጭ አገር ድርጅት ሥራ የሚያገኝ ሰውማ የፈቃድ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ከቃላቱ አንዳንዶቹ ስለከረሩ አልደግማቸውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው።

ምላሽ 11። መሐል ገብቶ ጠቡን አበረደ፤ ወደ ኮምፒውተርም ወሰደው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በየጊዜው ፈቃዱን በኢንተርኔት የሚያረጋግጥ ወይም በክላውድ የሚሠራ ሶፍትዌር ሥራን መንገድ ላይ ይጥላል፤ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ይመረጥ። ራም 8 ጊጋ ባይት ብቻ ከሆነ ቀጥተኛው ሶልቨር (እኩልታዎቹን የሚፈታው ክፍል) ትልቅ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሞዴል ሲፈታ ማስታወሻው ሞልቶ ወደ ዲስክ ይወርዳል፣ ያኔ የደቂቃው ሥራ ሰዓታት ይፈጃል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት አይደለም፦ ዕቃውም ጭነቱም ጎንና ጎኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ግማሹን ወይም ሩቡን መሥራት፣ ስስ ላሜራን በሶሊድ ፋንታ በሼል መሥራት፣ ሜሹን የሚፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ማጥበብ። ባለ አራት ኖድ ቴትራ (ባለ አራት ገጽ) ኤለመንትን ግን ኖድ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትጠቀሙ አለ፤ በመታጠፍ ጊዜ ከልክ በላይ ይገትራል፣ ባለ አሥር ኖዱን ውሰዱ። ማረጋገጫ የሚሆን ልምምድም ሰጠ፦ 1 ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቢም በአንድ ጫፉ ተይዞ በሌላው 1000 ኒውተን ይጫን። ጫፉ 0.4 ሚሊ ሜትር መውረድ፣ ሥሩ ላይ ያለው ስትሬስ 12 ሜጋ ፓስካል መሆን አለበት። በባለ አራት ኖዱ ቴትራ፣ በውፍረቱ አንድ ኤለመንት ብቻ አድርጎ የሞከረ ሰው መውረዱ ምን ያህል እንደሚያንስ ያያል።

ምላሽ 12። የጎጃም ሰው ከሆንን ስለ ድልድይና ግድብ እንዴት ዝም ይባላል ብሎ ገባ። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው 380 ሜትር የአባይ ድልድይ፣ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ፣ ጉባ ላይ 145 ሜትር ከፍታ ያለው የታላቁ ህዳሴ ግድብ፣ ከጣና ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ያለ ፋይናይት ኤለመንት እንደማይታሰብ ጻፈ። ዝርዝሩ ያኮራል።

ምላሽ 13። ኩራቱን ሳይነካ ጥያቄ አነሳ፦ ድልድዮቹንና ግድቦቹን የነደፉትና የሠሩት በአብዛኛው የውጭ ድርጅቶች ናቸው፤ ተመራቂው ከዚያ ምን ይደርሰዋል? የህዳሴ ድልድይ የጃፓን ሥራ እንደሆነም አስታወሰ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ማን ሠራው ወደሚል ክርክር አዘነበለ፣ በዚያ ያለፉትን አጫጭር መልሶች ትቻቸዋለሁ።

ምላሽ 14። ለ13 የተሰጠ መልስ ነው፤ ለሲቪል ተማሪዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ ሥራው ግንባታው ሲያልቅ እንደሚጀምር አስረዳች። ድልድይ በየጊዜው ይፈተሻል፤ ከባድ ጭነት ሊያልፍ ሲል ይችለዋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ያን የሚመልሰው አገር ውስጥ ያለ መሐንዲስ ነው። የአፈር ግድብም እንዲሁ፦ የውኃው ስርገት በፋይናይት ኤለመንት ይሰላል፣ ግድቡ ውስጥ የተቀበሩት ፒዞሜትሮች (የውኃ ግፊት መለኪያዎች) ከሚያነቡት ጋር ይነጻጸራል፣ ሁለቱ ሲለያዩ ሞዴሉ ወይም ግድቡ ችግር አለበት። የአባይ ሸለቆ መንገድ ላይ የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግር ነው፤ የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካም አጥንቶታል። ተዳፋቱን ለመፈተሽ የአፈሩ ጥንካሬ በሞዴሉ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ስሌቱ መርጋት እምቢ ያለበት መጠን የደኅንነት ቁጥሩ ነው። እዚህ ላይ አስጠነቀቀች፦ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍታ በበጋ ተለክቶ ለክረምት ከተሠራበት ቁጥሩ ያታልላል። ስሌት አልረጋም ማለትም ሁልጊዜ ተዳፋቱ ተናደ ማለት አይደለም፤ መጥፎ ሜሽም ያንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ የመፈናቀሉ ሥዕል የመንሸራተቻ መስመር ማሳየቱ መታየት አለበት።

ለታላላቅ አርማታ ሥራዎች ደግሞ የሙቀት ስሌቱን አነሳች። ሲሚንቶ ከውኃ ሲገናኝ ሙቀት ያወጣል፤ ውስጡ ሞቆ ውጩ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በውስጥና በገጽ መካከል ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ስሌቱ አርማታው በሚፈስበት ቅደም ተከተል ኤለመንቶቹን እያነቃ መሄድ አለበት፤ በአንድ ጊዜ እንደፈሰሰ አድርጎ የሚሠራ ሰው የተሳሳተ ቦታ ላይ ስንጥቅ ይፈልጋል። ለዚህም ትልቅ ግድብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአንድ ረጅም ሕንፃ ወፍራም መሠረት ይበቃል።

ምላሽ 15። ወደ አውድማ መለሰን። በበሬ የተበራየ ጤፍ አፈርና ጠጠር እንደሚቀላቀልበት፣ በማሽን ሲወቃ ደግሞ ደቃቁ ፍሬ ከገለባው ጋር በንፋሱ እንደሚጠፋ ጻፈ። ከፋይናይት ኤለመንት ጋር አይገናኝም ያለው ሰው ነበር። እኔ ግን ይገናኛል ባይ ነኝ፤ የንፋሱ ፍጥነት ለመቀነስ የማራገቢያው ዙር ሲቀነስ 6 ያነሳው ፍሪኩዌንሲም አብሮ ይታያልና።

ምላሽ 16። ጠያቂው ተመለሰ። ሶፍትዌር ብቻ ነው የሚፈለገው ያለውን እንደተወው ገልጾ፣ ወረቀት ያለው ማስረጃ ከየት እንደሚገኝና ቀጣሪ ምን እንደሚያሳምነው ጠየቀ።

ምላሽ 17። ናፌምስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው የሙያ ድርጅት የባለሙያነት ማረጋገጫ እንደሚሰጥ ነገረው፤ ግን ከዚያ በፊት የድርጅቱን መፈተኛ ሞዴሎች ራሱ እንዲፈታ መከረው። የመጀመሪያው ኤል ኢ 1 ነው፦ ሞላላ ቀዳዳ ያለበት ስስ ሰሌዳ ሩቡ ይሠራል፣ የውጭ ጠርዙ በ10 ሜጋ ፓስካል ይሳባል፣ ከቀዳዳው ጠርዝ አንዲት የተወሰነች ነጥብ ላይ 92.7 ሜጋ ፓስካል መውጣት አለበት። በሻካራ ሜሽ ቁጥሩ ይርቃል፣ ሲጠብ ይቀርባል፤ ይህን በሠንጠረዥ ያስቀመጠ ተማሪ ሜሽ መርጋት ምን እንደሆነ በተግባር አይቷል።

ሹል የውስጥ ማዕዘን ላይ ወይም ብየዳ ሥር ግን ቁጥሩ ፈጽሞ አይረጋም፤ ሜሹ በጠበበ ቁጥር ይወጣል። እዚያ ጫፉን ማንበብ ትርጉም የለውም። ለብየዳ የተለመደው መንገድ ከብየዳው ጠርዝ በላሜራው ውፍረት 0.4 እና 1.0 ርቀት ላይ ማንበብ ነው፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ 3.2 እና 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቅርቡ በ1.67 ተባዝቶ የሩቁ በ0.67 ተባዝቶ ይቀነስለታል። የተገኘው ቁጥር ለዚሁ አነባበብ በተዘጋጀው የፋቲግ ምድብ ይታያል፤ 4 በተጠቀመበት ምድብ ግን አይደለም፣ ያኛው በእጅ ቀመር ለሚሰላው ስም (ኖሚናል) ስትሬስ ነው። ይህን መለየት ያልቻለ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ብየዳው ያለበቂ ምክንያት ይወድቃል ይላል፣ ወይም የከፋው፣ የሚወድቀውን ያሳልፋል።

ምላሽ 18። ክፍያውን አነሳ፤ አንድ የመውቂያ አምራች ለስሌት ብቻ ብር አይከፍልም፣ ለማይሰበር ማሽን ግን ይከፍላል አለ። ስለዚህ ስሌቱ ከሥዕልና ከመለኪያ ጋር ተጠቅልሎ ይሸጥ። 3 ተመልሶ በዚህ እንደሚስማማ ጻፈ፣ አምራቹ ዘንድ የሚገባው ግን ብየዳውን የሚያውቅ መሐንዲስ ነው የሚለውን ሳይለቅ፤ ልክ ነው።

ምላሽ 19። የመጨረሻው ምላሽ ለጠያቂው የሪፖርት አሠራር ሰጠው። አንድ የአካባቢ ማሽን ይምረጥ፣ ለምሳሌ የተሳቢ ሻንሲ። ሪፖርቱ የተጠቀመበትን አሃድ፣ የብረቱን ዓይነት፣ ጭነቱ ከየት እንደመጣ፣ ድጋፎቹን ለምን እንደዚያ እንዳሰረ፣ በሦስት ሜሽ የወጣውን ቁጥር፣ የምላሽ ኃይሎቹን ድምርና የእጅ ስሌቱን ይያዝ፤ ባለቀለም ሥዕሉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ስትሬን ጌጅ (ብረቱ ላይ ተለጥፎ መለጠጡን የሚለካ ቁራጭ) የሚያውሰው ቤተ ሙከራ ካገኘ ከብየዳ ራቅ ያለ፣ ስትሬሱ በቀስታ የሚለወጥበት ቦታ መርጦ፣ ቀለሙን ፍቆ ይለጥፍ፤ ጭነቱ ሲጨመር 100 ማይክሮ ስትሬን (የርዝመቱ መቶ ሚሊዮንኛ ለውጥ፣ ማለትም ከሚሊዮን 100) ቢያነብ በብረት ላይ 20 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ሞዴሉ በዚያው ነጥብ 35 ካለ፣ መጀመሪያ የሚፈተሹት ድጋፎቹና የላሜራው እውነተኛ ውፍረት ናቸው፤ ገበያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ላሜራ በካሊፐር ሳይለካ ሞዴል ውስጥ አይግባ።